የማክሰኞዋ እማማ

ታላቅ እህቴን እታለም እላታለሁ። ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ «ኢሜይል ትጽፋለች» እላለሁ። «ለማን?» ይሉኛል። ለሁሉም ነዋ! አንሶላ ለገዛ፣ ፎጣ ለገዛ፣ መጋረጃ አስለክቶ ሳይገዛ ለሄደ፣ አንድ ቀን ተሳስቶ አድራሻውን ለሱቁ ለሰጠ ሁሉ ትጽፋለች። እንዲህ የሚባል ሥራ መኖሩ ለእኔም የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ነው የምውለው። የእኔ ደንበኛ ካመመው ይመጣል፣ ካላመመው ይቀራል፤ ናፈቅኸኝ ብዬ አልጽፍለትም።

እታለም ከልጅነቷ ጀምሮ አፏን የምትከፍተው ሲቸግራት ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ገና ተማሪ ሳለች የሰፈሩን ማመልከቻ፣ የሠርግ መጥሪያና የኩርፊያ ማብረጃ ደብዳቤ የምትጽፈው እሷ ነበረች። አንድ ጎረቤታችን ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት ገብታ ሳለ እታለም ደብዳቤ ጻፈችለትና ሴትየዋ በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ባልየው ሊያመሰግን ሲመጣ እህቴ በር ጀርባ ተደብቃ ነበር። ጎትቼ ባወጣት ፊቷ ቲማቲም መስሎ «ደህና ዋሉ» ብላው ተመልሳ ገባች። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ለአንድ ከተማ ሕዝብ በየሳምንቱ የምትጽፈው።

ንግግሩን ሁሉ የወሰደችው እናታችን ናት። እማዬ ባለችበት ክፍል ሬዲዮ መክፈት ኪሳራ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የማታውቃትን ልጅ «አንቺ፣ የጫማሽ ክር ተፈቷል፤ ደግሞስ በዚህ ብርድ ካልሲ የለሽም?» ብላ ትጀምርና ልጅቱ ስትወርድ የቤተሰቧን ነገር ሁሉ ነግራት ነው የምትወርደው። ሰው በእሷ አይቀየምም ነበር። እኔ ያንኑ ብናገር በጥፊ እባላለሁ።

እታለም የተቀጠረችበት ሱቅ የቤት ጨርቃ ጨርቅ ነው የሚሸጠው። ቢሮዋ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤቱን ግድግዳ ያያል፣ ክፍሉ ሁልጊዜ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ይሸታል። አለቃዋ የባለሱቁ ልጅ ነው። ሠራተኞቹ ጥድፊያ ነው የሚሉት። ቁጭ ብሎ ሲያወራ ያየው የለም፤ ደረጃ ላይ ነው ስብሰባ የሚያደርገው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ልቡ ደህና ነው፣ ብቻ ልቡ የሚናገረውን ቆሞ አይሰማም።

እሱ በፊት ያስጽፋቸው የነበሩት ኢሜይሎች «የተከበሩ ውድ ደንበኛችን፣ ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ ምርቶች» እያሉ የሚጀምሩ ነበሩ። የሚከፍታቸው አልነበረም። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣና፣ የከፈተውን ሰው ብዛት የሚያሳየው መስመር መሬት ላይ እንደተኛ አሳያት። «ሰው ከፍቶ እንዲያነብ አድርጊልኝ። መንገዱን አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አላትና ደረጃውን ወረደ።

እታለም ከኢሜይሎቹ አንዱን ወረቀት ላይ አትማ ቤት ይዛ መጣች። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። «አንብቢልኝ እስቲ» አለቻት። እታለም አነበበች።

«ይኼን ለሰው ልትልኪ ነው?» አለች እማዬ። «ሰውዬው ምን በደለሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ምን ትያለሽ! የምትሸጪለትን ሰው ቤት አታውቂውም? ትራሱ አላለቀም? ሴት ከሆነች እንዲህ በያት...» እማዬ ጀመረች፣ እታለም ጻፈች። የዚያ ሳምንት ኢሜይል ርዕሱ «ያ ትራስ አሁንም አለ?» የሚል ነበር። ውስጡም እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ትራስ አሁንም አለ? ዝም አትበይኝ፣ አውቀዋለሁ። መሃሉ አልቆ እጥፍ አድርገሽ ነው የምትተኚበት። አንገቴን አመመኝ ስትዪ ሐኪም ትወቅሻለሽ። ነይና ውሰጂ፣ አስቀምጬልሻለሁ።» ከታች «እማማ» ብላ ፈረመች። ለወንዶቹ ደግሞ በ«አንተ» ሌላ ጻፈች። እማዬ ለወንዶቹ ትንሽ ጨመር አድርጋ ነበር የተቆጣችው።

ጥድፊያ የመስመሩን ነገር ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጠ ይባላል። ሰው ከፍቶ ማንበብ ብቻ አይደለም፣ መልስ ይጽፋል። «እማማ፣ እንዴት አወቅሽብኝ?» የሚል፣ «ትራሱን ጣልኩት፣ አትቆጪኝ» የሚል፣ ስለ ምራቷ አማርራ የምትጽፍም አለች። ለሱቅ እኮ ነው! ስለዚህ እማማ የማክሰኞ ሰው ሆነች። በየማክሰኞው ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ትመጣለች፣ እኔም ስለተመዘገብኩ የእኔ ስልክ ላይ ጭምር።

ሥራው የሚሠራው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። እማዬ ልብስ ታጥፋለች፣ እታለም ጎኗ ተቀምጣ ረቂቁን ጮክ ብላ ታነባለች። ያልጣማት ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ እማዬ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን ታወናጭፋለች። ያ ማለት ሰርዢው፣ እኔ እንዲህ አልልም ማለት ነው። ክርክር የለም። እታለም ትሰርዛለች።

ሐሳቡም የእማዬ ነበር። አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ኢሜይል ምንም እንዳይሸጥ ያደረገችው እሷ ናት። «ገና በሩን ሳያልፍ ይሸጥለታል እንዴ? መጀመሪያ ይጠየቃል» አለች። ስለዚህ «ቤትሽ ስንት ሰው ያድራል? ማንስ ነው ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ የሚጎትተው?» ተብሎ ተጻፈ፤ ሰውም እየሳቀ መለሰ፤ ሱቁ ለማን ምን እንደሚያስፈልገው ከዚያ አወቀ። ዕቃ መርጦ ሳይከፍል ለሄደ ደግሞ «ያን ሰማያዊ አልጋ ልብስ ስታገላብጪው ውለሽ ጥለሽው ሄድሽ። አልቆጣም፤ ግን ምን አስቀየመሽ?» አሉት። ያስቀየመውን ነገራቸው።

አንድ ሰኞ ግን ሁለቱ ተጣሉ። እያንዳንዱ ኢሜይል ግርጌ ላይ፣ ከዚህ በኋላ መልእክት አይድረሰኝ ለሚል ሰው መውጫ መኖር አለበት። እማዬ «የወጣ ጊዜ ምን ትሉታላችሁ?» አለች።

«ምንም። ‹ከዝርዝሩ ወጥተዋል› ይለዋል።»

«ከቤት የሚወጣ ሰው እንዲህ ነው የሚሸኘው? በግልምጫ?»

«እማዬ፣ የሚሄድ ሰው ያነበዋል ብለሽ ነው?»

«ያንብብም አያንብብም፣ ይባላል!»

ጭቅጭቃቸው ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። ኋላ ላይ ሳቅ ሰማሁ፤ ጽፈውት ነበር። ምን እንዳሉ ብጠይቅ እማዬ «አንቺ ከዝርዝሩ ካልወጣሽብኝ አታዪውም» አለችኝ። እኔም አልወጣሁም፣ አላየሁትም፤ እነሱም ረሱት።

ጥድፊያ እማማ የምትባል ሰው በእርግጥ መኖሯን አያውቅም ነበር። እታለም የፈጠረቻት መስሎታል። ለመናገር ስታስብ እማዬ ነበረች የከለከለቻት፤ «ማን መሆኔ ከታወቀ ሰፈሩ በሙሉ የትራስ ዋጋ አስቀንሺልን ብሎ በሬን ይሰብራል» ብላ።

እማዬን በሽታ የጣላት ፎጣ እያጠፈች፣ እኔን እየተቆጣች ሳለ ነው። ምን እንዳጠፋሁ ዛሬም አላውቀውም፤ ተግሣጹ መሃሉ ላይ ተቋረጠ። ዞር ስል ፎጣው ከእጇ ወድቆ፣ አፏ አንድ ወገን ተጣምሞ፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጅና እግሯ አልታዘዝ አሉ፣ ድምፅዋም ጠፋ። ሐኪሙ «ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ ቃሉ ነው የማይመጣላት» አለን። ቤቱ ጭር አለ። ለካ ያ ቤት የእሷ አፍ ነበር! የቧንቧ ጠብታ መስማት ጀመርን።

እታለም መጻፏን አልተወችም። ረቂቁን ግን ቤት ማምጣት ተወች። ቢሮ ጽፋ ጨርሳ ትመጣለች፤ እማዬ አጠገብ ስለ ሱቁ ትንፍሽ አትልም። እንዳይከፋት ብላ ነው። መናገር ላቃተው ሰው የንግግሩን ሥራ ማንሳት ቁስል መነካካት መስሎ ታያት። እኔም ዝም አልኩ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እማዬ ትቁነጠነጣለች፣ ዓይኗን ከበሩ አትነቅልም። የመድኃኒት ቤት ሰው አይደለሁ? አሟት ነው ብዬ ማስታገሻ እሰጣታለሁ።

ማክሰኞ ሲሆን ደግሞ ስልኬ ይጮሃል። አልጋዋ ላይ ድምፅዋ ጠፍቶ የተኛችው እናቴ መጋረጃሽን አጥበሻል ወይ ብላ ትጽፍልኛለች። ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን እታለምን «ከታመመ ሰው አፍ ቃል ትወስጃለሽ አይደል?» አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፤ ማጠቡን ቀጠለች።

እማዬ ሳትኖርበት ግን ኢሜይሉ መንምኖ ነበር። እታለም የድሮውን ነው የምታገላብጠው፤ ትራስ፣ እንደገና ትራስ። የሚከፍተው ሰው ቀነሰ። ያን ጊዜ ነው ጥድፊያ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የመጣው።

«አገኘሁት!» አላት። «እማማ ትታመም።»

እታለም እስክሪብቶዋ ከእጇ እንደወደቀ ነግራኛለች።

«በመጀመሪያው ሳምንት ታማለች ብለን እንጽፋለን፣ ምንም አንሸጥም። ሰው ያዝናል፣ ይጽፋል። በሁለተኛው እየተሻላት ነው እንላለን። በሦስተኛው ሳምንት ትነሣለች! በመነሣቷ ደስታ ሁሉ ነገር ላይ ቅናሽ እናደርጋለን። እንዴት ነው?»

የእህቴ እናት መታመሟን ያውቃል፤ በታመመች ሰሞን ፈቃድ የሰጣት እሱ ነው፣ ሁለቴም መጥቶ ጠይቋታል። እማማና እኛ ቤት የተኛችው ሴት አንድ መሆናቸውን ነው የማያውቀው። እታለም ያኔ መንገር ነበረባት። «እሺ» አለችው። ሦስቱንም መልእክት አንድ ላይ ጽፋ አስረከበች፤ ኮምፒውተሩ በየማክሰኞው ራሱ እንዲልካቸው ተደረገ።

የመጀመሪያው ሲመጣ እኔ ባንኮኒ ላይ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ የሳል ሽሮፕ እየጠየቁኝ ነው። ስልኬ ጮኸ፣ ዓይኔን ጣል ባደርግ «እማማ ታማለች» ይላል። ሽሮፑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ልጆቼ፣ ትንሽ አሞኛል። ዛሬ ስለ ፎጣ አላወራም። ዛሬ እናንተ አውሩኝ።» ሽማግሌው «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?» ሲሉኝ ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም።

ቤት ስገባ እታለምን ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። በሹክሹክታ ነው የተጣላነው፤ የእማዬ በር ገርበብ ብሎ ነበር።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«በሽታዋንም ሸጥሽው? ሌላ የቀራት ነገር የለም፣ በሽታዋ ብቻ ነበር የቀራት!»

«ሚጡ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! እሷን ጠየቅሻት? ዓይኗን አይተሽ ጠየቅሻት?»

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «በሦስተኛው ሳምንት ትነሣለች» አለችኝ።

«ማን?»

«እማማ ናታ። ጥድፊያ ሲያስረዳኝ ልተፋው ነበር። ግን በሦስተኛው ሳምንት ትነሣለች አለኝ። እሺ ያልኩት እሱን ስሰማ ነው። እዚህ ካልተነሣች እዚያ እንኳን ትነሣልኝ ብዬ።» ይኼን ብላ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች። ልጅ ሆነን እኔ ስገረፍ የምታለቅሰው እሷ ነበረች፤ ያን ዕለት እሷን ገርፌ እኔ አለቀስኩ።

መልሱ እንደ ጎርፍ መጣ። ጥድፊያ በደስታ ይበራል፤ እታለም ቢሮዋን ዘግታ ታነባለች። «እግዜር ይማርሽ እማማ» የሚለው ስፍር ቁጥር የለውም። አንዲት ሴት እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚቆጣት ሰው እማማ ብቻ እንደሆነች ጻፈች። አንድ ሰውዬ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ምን እንዳመመሽ አላውቅም። የእኔ ባለቤት ታማ መናገር ያቃታት ጊዜ፣ እንዳይከፋት ብለን አጠገቧ ስለ ሥራም ስለ ቤትም ማውራት ተውን። ሲሻላት ‹በሽታውን ቻልኩት፣ የእናንተ ዝምታ ነው የገደለኝ› አለችኝ። እማማ፣ አጠገብሽ ያሉት ዝም ካሉሽ ተቆጫቸው።»

እታለም ይኼን ለእኔ ስታነብልኝ ሁለታችንም ስለ ሰኞ አሰብን። እማዬ ዓይኗን ከበሩ የማትነቅለው ለካ አሟት አልነበረም፤ ረቂቁን ስትጠብቅ ነበር። ልጇ ከሥራዋ ያስወጣቻት መስሏት፣ የምትጠይቅበት አፍ የላት፣ እንዲሁ በር በሩን እያየች ስንት ሰኞ አሳልፋለች። እኔ ደግሞ ማስታገሻ እሰጣታለሁ! ጅል ነኝ እኮ።

ሦስተኛው መልእክት ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እታለም ወረቀቷን ይዛ የእማዬ ክፍል ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። የታጠበውን ልብስ አልጋው ላይ ዘርግታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ሰኞ ነው» አለቻት። ከዚያ ያለ ማስተባበያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳትነግራት መጻፏን፣ ታማለች መባሉን፣ የጥድፊያን እቅድ፣ የሰዉን መልስ። እማዬ ፊቷ አይነበብም። ግማሹ አይንቀሳቀስም፣ ግማሹ ደግሞ አልተንቀሳቀሰም። አሁን ፊቷን ካዞረች እህቴ አበቃላት አልኩ በሆዴ።

«የነገውን ላንብብልሽ?» አለች እታለም። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ያ እሺ ማለት ነው።

«‹ተነሣሁ ልጆቼ!›» ብላ ጀመረች።

የእማዬ ግራ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣና ተወናጨፈ።

እታለም እስክሪብቶ ፈልጋ ሰረዘች። «‹ድምፄ ተመለሰ፣ እግሬም ጸና።›» እጁ ተወናጨፈ። ተሰረዘ። «‹ጸሎታችሁ ደረሰልኝ።›» እጁ ዝም አለ። ተተወ። «‹ስለዚህ ሁሉ ነገር ላይ ቅናሽ አድርጌአለሁ›» ሲባል እጁ እንዲያውም ሁለቴ ተወናጨፈ። «‹አንሶላችሁን ቀይሩ፤ የታመመ ያለበት ቤት ንጹሕ አንሶላ ይገባዋል።›» እጁ አልተነሣም። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እማዬ በዚያ ሁሉ መሃል አንሶላውን አልተወችውም! እታለምም ሳቀች፣ የእማዬም አፍ በደህናው ወገን ከፍ አለ።

የተሰረዘው ቦታ ባዶ ቀረ። እታለም «‹አልተነሣሁም› ልበል?» ስትል እጁ ዝም። «‹ድምፄም አልተመለሰም›?» ዝም። እታለም ቆየችና፣ ጭንቅላቷን ደፍታ፣ «‹ልጄ ሳትነግረኝ በስሜ ስትጽፍ ከረመች›» አለች። እማዬ ይኼን ሰምታ እጇን ወረቀቱ ላይ እስኪደርስ ወነጨፈችው። ልጇን ለሰው አሳልፋ አትሰጥም። እታለም አቅፋት ስታለቅስ እኔ ፎጣዎቹን ማጠፍ ጀመርኩ፤ ሌላ የምሠራው ነገር ጠፋብኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እታለም አዲሱን ወረቀት ይዛ በጊዜ ወጣች። እኔ ከእማዬ ጋር ቀረሁ። እማዬ ተለውጣለች። ፀጉሯን ሳበጥራት አልተነጫነጨችም፣ ትራሷን ከፍ እንዳደርግላት በዓይኗ አመለከተችኝ። ማክሰኞ መሆኑን አውቃለች። ከቁርስ በኋላ ዓይኗ ስልኬ ላይ ነው።

ሰዓቱ ደረሰና ጮኸ። አነሣሁት። «እማማ ተነሣች!» ይላል። ከሥር እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ የምትስቅ የአንዲት ባልቴት ፎቶግራፍ፣ ከእሱ በታች የቅናሹ ቁጥር በቀይ። የቀድሞው ነው። አንድ ቃል አልተለወጠም።

እማዬ ትጠብቃለች። ስለ ውሸት እህቴን ኮሪደር ላይ የገረፍኳት እኔ፣ ስልኩን ፊቴ ላይ አድርጌ «‹ልጆቼ፣ አልተነሣሁም፤ ድምፄም አልተመለሰም። ጸሎታችሁ ግን ደረሰልኝ›» እያልኩ በቃሌ አነበብኩላት። እስከ አንሶላው ድረስ። እማዬ እስክጨርስ ጠበቀችና ግራ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ስጪኝ ነው።

«ዓይንሽን ያምሻል እማዬ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው» አልኳት። እጇን አላጠፈችም። ሰጠኋት።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብጠራትም አልዞረችም። አንሶላውን ባስተካክል፣ ውሃ ባቀርብ፣ ይቅርታ ብል፣ ከእሷ ያገኘሁት ጀርባዋን ብቻ ነው።

እታለም ከምሳ በኋላ ገባች። በእጇ ቢሮ የምትጠጣበት ኩባያና ወንበሯ ላይ የሚሰቀለው ሹራብ አሉ፤ ከሥራ መውጣቷ ሳትነግረኝ ገባኝ። ለጥድፊያ እውነቱን ነግራዋለች። ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደ አባቱ ሮጠ። አባትየው የሱቁ መስታወት በሙሉ «ተነሣች» ተብሎ እንደተለጠፈበት፣ ሰው በሩ ላይ እንደተሰለፈ፣ አልዳነችም ተብሎ ቅናሽ እንደማይሰጥ ተናገረ። እነሱ ሲከራከሩ ሰዓቱ ደረሰ፣ ኮምፒውተሩ ላከው። እታለም እንግዲያውስ እማማን ይዤ እወጣለሁ ብትል «አንቺ ውጪ። እማማ የሱቁ ናት» አላት አባትየው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌላ ሰው ይጽፍላታል።

«እማዬ ሰማችው?» አለችኝ።

«አየችው።»

እታለም አልጋው ጫፍ ላይ፣ የሰኞ ቦታዋ ላይ፣ ተቀመጠች። ስልኩን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣችና የምትስቀዋን ባልቴት አየቻት። «አስወጪን ከዚህ» አለችኝ። «ሌላ ሰው በእሷ አፍ ሲጽፍልሽ ማየት አልፈልግም። መውጫው ግርጌው ላይ ነው፣ ተጫኚው።»

ተጫንኩት። ስልኩ ትንሽ አሰበና ነጭ ገጽ አወጣ። ፎቶግራፍ የለው፣ ቅናሽ የለው፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። አንድ መስመር አንብቤ ለእታለም ሰጠኋት። እሷም አየችና አፏን በእጇ ያዘች። እሷና እማዬ ያን ሰኞ የተጣሉበት መሸኛ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው ስላልነበረ የነካው የለም።

«እማዬ» አለቻት ለጀርባዋ። «ይኼን አንቺ ነሽ ያልሽው።» ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ዕድሜ ልኳን በር ጀርባ የምትደበቀው እህቴ ጮክ ብላ አነበበች።

«‹ልትሄጂ ነው? እንግዲህ አላስርሽም። ነገሬ በዝቶብሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ። ማውራት እወዳለሁ፣ ዝም ማለት አልችልበትም፣ ምን ላድርግ። ስትወጪ በሩን ገርበብ አድርጊው እንጂ አትዝጊው፤ የተመለስሽ ቀን እንዳታንኳኪ። ደግሞ ብርድ ነው፣ ደርበሽ ውጪ። እማማ።›»

እማዬ ቀስ ብላ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ሁለታችንም ግራ እጇን አየን። ብርድ ልብሱ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አልተነሣም።

«ድገሚላት» አልኩ።